ትምህርት ያቋረጠ፣ ማንጋ የሚሥልና ቦንሳይ የሚያሳድግ ልጅ አለኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የደሴዋ አክስት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ ሲሆን፣ የ16 ዓመት የወንድሜ ልጅ ከእኔና ከእናቴ ጋር ይኖራል። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ መካከለኛ ውጤት ሲያመጣ የቆየ ልጅ ነው። 9ኛ ክፍል ከገባ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረ፤ ቀስ በቀስ መቅረት አበዛ፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደግሞ ጨርሶ አልሄድም ብሎ ቤት ዋለ። ሐኪም ቤት ወስደን አስመርምረነው የሆድ ሕመም እንደሌለበት ተነግሮናል። ጠባዩ የታረመ፣ ሰው የማያስቀይም ልጅ ነው፤ ክፉ ባልንጀራም የለውም። እንዲያውም የሚያስጨንቀኝ ምንም ባልንጀራ የሌለው መሆኑ ነው።

ቤት ሲውል ሁለት ነገር ይሠራል። የመጀመሪያው ማንጋ የተባለውን የጃፓኖች የሥዕል ታሪክ ማንበብና መሣል ነው። በእንግሊዝኛ የተተረጎመውን በስልኩ ያነባል፤ ከዚያም የደብተሩን ገጾች በሳጥን በሳጥን እየከፋፈለ የራሱን ታሪክ ይሥላል። ሁለተኛው ቦንሳይ ነው። አፋቸው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካኖች ውስጥ ወይራና ጽድ ተክሎ፣ ቅርንጫፎቻቸውን በሽቦ እየጠመዘዘ፣ ቁመታቸው ሳይጨምር የሽማግሌ ዛፍ መልክ እንዲይዙ ለማድረግ ይደክማል። ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ተረጋግቶ መቀመጥ አቃተው የተባለው ልጅ አንዲት ችግኝ ፊት ግማሽ ቀን ተቀምጦ አየዋለሁ።

ቤታችን በዚህ ጉዳይ ተከፍሏል። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ በአብዛኛው የሚያገኘን በስልክ ነው፤ “ስልኩን ቀሙት፣ ጀሪካኑንም ጣሉት፤ ያኔ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል” ይለናል። እናቴ ደግሞ “ልጁን አታስጨንቁት፤ በጊዜው ይመለሳል” ትላለች። የሁለቱም ጭንቀት ይገባኛል፤ ነገር ግን እነሱ ሲከራከሩ የልጁ ዓመት እያለቀ ነው።

የምጠይቃችሁ፣ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከትምህርት የሚያርቁት ናቸው ወይስ ወደ ትምህርት ሊመልሱት ይችላሉ? በጃፓን ትምህርት ቤት አልሄድ ላሉ ልጆች ከመደበኛው የተለየ የመማሪያ ቦታ እንዳለ ሰምቻለሁና፣ ደሴና ኮምቦልቻ ለምንኖር ሰዎች ከዚያ የሚወሰድ ነገር ካለ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከጽዶቹም አንዱ፣ ልጁ ከገረዘው በኋላ፣ ቡናማ እየሆነ መድረቅ ጀምሯል፤ በዚህ እጅግ ስላዘነ፣ ስለ ተክሉ የምታውቁም ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

መምህር ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር በመሆኔ፣ 9ኛ ክፍል ላይ በድንገት የሚጠፉ ልጆች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። በእኛ ክልል እስከ 8ኛ ክፍል አብዛኛው ትምህርት በአማርኛ ተሰጥቶ ሲያበቃ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ትናንት የሚያውቀውን ነገር ዛሬ በማያውቀው ቋንቋ የተጠየቀ ልጅ ራሱን እንደ ደንቆሮ መቁጠር ይጀምራል። በዚያ ላይ የእርስዎ ልጅ የተወለደበት ዘመን ክፉኛ የተጎዳ ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቆ ትምህርቱ ተቋርጧል። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጅዎን ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት ይህን ሁሉ ማሰብ ይገባናል።

ስለ ጃፓን የሰሙት እውነት ነው። የአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር ከሕመምና ከድህነት ውጭ በሆነ ምክንያት በዓመት 30 ቀንና ከዚያ በላይ የቀሩ ተማሪዎችን ለይቶ ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የትምህርት ዓመት በአንደኛ ደረጃና በዝቅተኛው ሁለተኛ ደረጃ ብቻ 346,482 ልጆች ተቆጥረዋል። ቀደም ሲል እዚያም ጥፋቱ የልጁ ወይም የእናቱ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ልጇ ትምህርት ቤት አልሄድ ያላት ኦኩቺ ኬይኮ የተባለች መምህርት ቶኪዮ ሹሬ የተባለውን ነፃ ትምህርት ቤት መሠረተች፤ በዚያ ልጆቹ በቀኑ ምን እንደሚሠሩ ከአዋቂዎች ጋር በስብሰባ ይወስናሉ። ሚኒስቴሩ በ1992 ይህ ችግር በማንኛውም ልጅ ላይ ሊደርስ እንደሚችል አመነ፤ በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ዕረፍት እንደሚያስፈልገውና ከትምህርት ቤት ውጭ የሚደረግ ትምህርትም ዋጋ እንዳለው ተቀበለ። ከዚህም በላይ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ በአካል እየተገኙ፣ የቀረውን ጽሑፍ በመላክ የሚማሩባቸው የርቀት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የሚሰጡት ማስረጃ ከመደበኛው እኩል ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ ሥርዓቱን እንዳለ መቅዳት አንችልም፤ መንፈሱን ግን መውሰድ እንችላለን። ስለዚህ አስቀድመው የልጁን የመማር መብት የሚያስጠብቁ ወረቀቶችን ይያዙ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ የ8ኛ ክፍል ማስረጃውና ካርዱ በእጅዎ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ሌላ ትምህርት ቤት የሚሻል ከሆነም መሸኛ ይጠይቁ። ዝም ብሎ የጠፋ ተማሪና በቤተሰብ አሳዋቂነት ያቋረጠ ተማሪ፣ በመስከረም ለምዝገባ ሲቀርቡ የሚገጥማቸው መስተንግዶ እጅግ የተለያየ ነው።

ማንጋውን በተመለከተ፣ እኔ በበኩሌ ስልኩ እንዲቀማ አልመክርም። ልጁ እኮ የሸሸውን ቋንቋ በገዛ ፈቃዱ በየቀኑ እያነበበ ነው! በማንጋ ውስጥ ያለው ንግግር አጭር ነው፤ ሥዕሉም የማያውቀውን ቃል ፍቺ ይጠቁመዋል፤ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ደካማ አንባቢ ከዚህ የተመቸ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ራሱ የመረጣትን አንዲት ገጽ ወደ አማርኛ መልሶ ለአያቱ እንዲያነብላቸው ይጠይቁት። ከዚያ በላይ ግን አይሂዱ፤ የሚወደውን ሁሉ የቤት ሥራ ካደረግንበት ከዚያም ይሸሻል። ማንጋውን እንደ ሽልማት መስጠትና እንደ ቅጣት መንጠቅም እንዲሁ ይጎዳል፤ ልጁ ሥዕሉን መደበቅ ይጀምርና እርስዎ አሁን ያለዎትን አንድ በር ያጣሉ።

በመጨረሻም፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ ወይም ስለ ሞት ከተናገረ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሆስፒታል ወስደው ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ያገናኙት። ዓይኑንም ያስመርምሩለት፤ ሰሌዳ ማየት ተስኖት ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ልጅ አውቃለሁ።

የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ

እኔ ስለ ጽዱ ልናገር። ጽድ በአገረዛዝ ረገድ ከወይራ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ አለው። ወይራ ያለርኅራኄ ቢቆረጥ ከአሮጌ ግንዱ እንደገና ያቈጠቍጣል፤ ጽድ ግን አረንጓዴ ነገር ካልቀረበት እንጨት ላይ አያቈጠቍጥም፤ ስለዚህ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው ሁሉ ከተነሣ ያ ቅርንጫፍ ሞተ ማለት ነው። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የጽድ ሥር ከተጎዳ በኋላ ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬ የታየው ድርቀት የዛሬ ግረዛ ውጤት ላይሆን ይችላል። ጀሪካኑ ከሥሩ ተበስቷል? ካልተበሳ ውሃው እየተጠራቀመ ሥሩን አበስብሶታል ብዬ እገምታለሁ። ጫፉ ላይ ትንሽም ቢሆን እርጥብ አረንጓዴ ካለ ቀዳዳ ያብጅለት፣ ጥላ ሥር ያኑረው፣ መቀሱንም ሽቦውንም ለዚህ ዓመት ይተውለት። ሁሉም ደርቆ ከሆነ ግን ተክሉ አልፏል፤ ይህን ለልጁ በግልጽ መንገር ይሻላል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ችግኝ ያልሞተበት ሰው የለም።

አፈሩን በተመለከተ፣ በአካባቢያችን የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ብቻውን ለማሰሮ አይሆንም። ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ የተነፋ ቀይ አሽና በደንብ የበሰለ ብስባሽ ቀላቅሎ ቢጠቀም ሥሩ አየር ያገኛል። ውሃውንም በሰዓት ከማጠጣት ይልቅ ጣቱን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ፣ የላይኛው ክፍል ሲደርቅ ያጠጣ። ጃፓኖች ውሃ ማጠጣትን ለመማር ብቻ ሦስት ዓመት ይፈጃል ይላሉ፤ በሙያው ውስጥ በቆየሁ ቁጥር ነገሩ እውነት መሆኑን አይቻለሁ። ሥር የሚቆረጠውና አፈር የሚለወጠው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሥሩ ሲሶ በላይ አይነሣ፤ በዚያው ሰሞንም ቅርንጫፉ በብዛት አይገረዝ። ሽቦው ልጡን መብላት ሳይጀምር ይፈታ። ቦንሳይ የደጅ ተክል ስለሆነ ቤት ውስጥ አይደበቅ፤ ነገር ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ያለች ብርዳም ከተማ በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ሌሊቶች ግድግዳ ሥር ቢያስጠጋቸው መልካም ነው። እኛ ኮምቦልቻ ዝቅ ብለን ስለምንገኝና ሙቀት ስላለን ችብሃና ሌሎች የሾላ ዘመዶችም ይስማሙናል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ያረጀ ግንድ ፍለጋ ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ወይራና ጽድ እንዳይነቅል። የቀረን የአገር በቀል ዛፍ ጥቂት ነው፤ ከተራራ የተነቀለ ሽማግሌ ዛፍም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ከችግኝ ጣቢያ በርካሽ ገዝቶ ወይም ከዘር አብቅሎ ይጀምር።

እህታችን፣ ልጁ ትዕግሥት አለው ብለው የጻፉት ቀላል ነገር አይደለም። በጃፓን ኦሚያ የተባለው የቦንሳይ መንደር የተመሠረተው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከቦታቸው ያፈናቀላቸው አትክልተኞች፣ ለዛፎቻቸው ንጹሕ ውሃና አፈር ፍለጋ ወጥተው በ1925 በሰፈሩበት ቦታ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን የሚገኝ አንድ የቦንሳይ ነጭ ጥድ (የፓይን ዓይነት) ደግሞ ከ1625 ጀምሮ በእንክብካቤ ያደገ ሲሆን፣ በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ በባለቤቶቹ ግቢ ከአጥር ጀርባ ሆኖ ተርፏል፤ ቤተሰቡ በ1976 ለአሜሪካ ሰጥቶታል። ይህን ታሪክ ይንገሩት። የዕለት ማስታወሻም ይያዝ፤ ቀኑን፣ የተክሉን ቁመት፣ ያጠጣውን ውሃ፣ ዝናብ መጣል አለመጣሉን ይጻፍ። ጥቂት ወራት ያህል የተመዘገበ ማስታወሻ ካለው ለባዮሎጂ መምህር የሚያቀርበው ሥራ ሆነ ማለት ነው፤ በክረምት ወደ ችግኝ ጣቢያ መጥቶ ከእኛ ጋር መሥራት ቢፈልግም በደስታ እንቀበለዋለን።

ሥዕል የሚሠራ ተማሪ

እትዬ፣ እኔ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ማንጋ ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁ፣ እሥላለሁም። ሰው ማንጋን የሕፃን ጨዋታ አድርጎ ሲያየው አዝናለሁ። የዘመኑን ማንጋ መልክ ያስያዘው ቴዙካ ኦሳሙ (1928–1989 እ.ኤ.አ.) በሕክምና ትምህርት የተመረቀ ሰው ነበር። ማንጋ ሠሪ ቀለም ከማንሣቱ በፊት የገጹን ረቂቅ በእርሳስ ያወጣል፤ የትኛው ሳጥን ሰፊ ይሁን፣ ማን ምን ይናገር፣ ገጹ ሲገለጥ ምን ይታይ የሚለውን ሁሉ ያኔ ይወስናል። ይህ ድርሰት መጻፍ ነው፤ ልጁ ይህን እየሠራ ከሆነ የአማርኛ መምህሩ ሊያይለት ይገባል።

ንገሩልኝ፣ ገጾቹን ከቀኝ ወደ ግራ እየሣለ ከሆነ ይለውጥ። ጃፓኖች እንደዚያ የሚያደርጉት ጽሑፋቸው ከላይ ወደ ታች ወርዶ መስመሩ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ ነው። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ፣ ሥዕሉ በአንድ አቅጣጫ ጽሑፉ በሌላ አቅጣጫ ሲጎትት አንባቢ ይደናገራል። በሳጥን የተከፋፈለ ታሪክ ደግሞ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ ሳጥኖች ከነጽሑፉ የሚተርኩትን የሸራ ሥዕሎች ያላየ ሰው ጥቂት ነው። የአያቱን ተረቶች ተቀብሎ ቢሥል፣ ወይም ሰኞ ገበያን ከነሕዝቡ ቢሥል፣ ከጃፓን የተማረው ጥበብ የራሱ ይሆናል። ሰውን በብዛት መሣል የሚያስተምረው ሰውን በብዛት ማየት በመሆኑም፣ ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ያገኛል።

በጃፓን ለልጆች በሚታተሙት ማንጋዎች ላይ ከአስቸጋሪዎቹ የቻይና ፊደላት ጎን ንባባቸው በትንንሽ ቀላል ፊደላት ይጻፋል፤ በዚህም ምክንያት ክፍል ውስጥ ማንበብ የሚከብደው ልጅ ማንጋውን ብቻውን ማንበብ ይችላል። መምህሩ ስለ እንግሊዝኛው የተናገሩትን የምደግፈው ለዚህ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ እጨምራለሁ፤ ማንጋ በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፤ ለአዋቂ የተሠራው ለእሱ አይሆንምና የሚያነበውን አብራችሁት እዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ፒያሳ አጠገብ ተገናኝተን እንሥላለን። ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ ማውራት ባይፈልግም ተቀምጦ መሣል ይችላል።

የአራት ልጆች አባት

ሁላችሁም መልካም ተናግራችኋል፤ ነገር ግን የልጁን አባት ፍርሃት የተናገረለት ሰው አላየሁም። የጃፓኑ ልጅ ትምህርት ቤት ቢጠላ የርቀት ትምህርት ቤት፣ ሕግና የመንግሥት ባጀት ይጠብቀዋል። የእኛ ልጅ ከመዝገብ ከወጣ የሚጠብቀው መንገድ ላይ መዋል ወይም በሕገ ወጥ መንገድ መሰደድ ነው፤ ስንቱን የሰፈራችንን ልጅ እንዲህ አጥተናል። ስለዚህ ዕረፍቱ ገደብ ይኑረው። ለመስከረም ምዝገባ እንደሚሄድ ካሁኑ ይስማማ፤ በየትኛው ትምህርት ቤትና በየትኛው ፈረቃ እንደሚሆን ግን እሱ ይምረጥ። ስልኩም ሌሊት ከአያቱ ዘንድ ይደር፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ያመሸ ልጅ ጠዋት ሆዱን ባያመው ይገርመኛል። አባቱም ከመንገድ ሲደውል ስለ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ስለ ወይራውም ይጠይቀው።

የደሴዋ አክስት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ልጁ ራሱ አንብቧቸዋል። ጀሪካኖቹ ያልተበሱ መሆናቸውን አይተን ሦስቱንም በጋለ ሚስማር በስተናቸዋል፤ ከደረቀው ጽድ ጫፍ ላይ ጥቂት አረንጓዴ አለ። ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ አንዲት ገጽ ለእናቴ በአማርኛ አነበበላት። ያን ጊዜ ነው የተናገረው፤ ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንግሊዝኛ እንዲያነብ ሲታዘዝ ቃሉ ስለሚጠፋበት ልጆቹ ይስቁበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተራው ይደርሳል ብሎ ያሰበበት ቀን ሁሉ ሆዱን ያመው ጀመር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አባቱም ሰምቶ ስልኩን ቀሙት ማለቱን ትቷል፤ የመስከረሙን ምዝገባ ግን አጥብቆ ይጠይቃል።

አሁን የማታ ትምህርት ይሻለዋል ወይስ ሌላ የቀን ትምህርት ቤት? ማታ አዋቂዎች ስለሚበዙ የሚስቅበት አይኖር ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ነገር ግን እንደገና ከእኩዮቹ እንዳይርቅ እፈራለሁ።

መምህር ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ የሆድ ሕመሙ ምክንያት ከተገኘ ግማሹን ሄደዋል። ልጁ የሸሸው ከትምህርት ሳይሆን ከአንድ ልማድ ከሆነ፣ እኔ የቀን ትምህርት ቤትን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም የማታው የትምህርት ሰዓት አጭር ነው፤ እንደ እሱ ያለ፣ ቋንቋው ገና ያልጠነከረ ልጅ ደግሞ ብዙ የመምህር እገዛ ይፈልጋል። ከመመዝገቡ በፊት ከእንግሊዝኛ መምህሩና ከክፍል ኃላፊው ጋር ተነጋግረው፣ እሱ ራሱ እጁን እስኪያወጣ ድረስ ጮክ ብሎ እንዲያነብ እንዳይታዘዝ ይስማሙ። ይህ ከአንድ መምህር አቅም በላይ የሆነ ጥያቄ አይደለም፤ እኔ ለተማሪዎቼ አደርገዋለሁ። የቦንሳይ ማስታወሻውንና የሣለውን ታሪክ ይዞ ቢቀርብ፣ መምህሮቹ ገና በመጀመሪያው ቀን የሚያውቁት በሚችለው ነገር ይሆናል።

ሞክሮት ካልሆነለት ያን ጊዜ ወደ ማታው ይዛወራል፤ በሩ አይዘጋም። የእጅ ሥራ የሚወድ ከሆነም፣ ደሴ በወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ እዚህም በኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አጫጭር ሥልጠናዎች ስለሚሰጡ፣ በክረምቱ ለዕድሜው የሚሆን ካለ ሄደው ይጠይቁለት። የ8ኛ ክፍል ማስረጃውን ኦሪጅናልና ሁለት ኮፒ፣ የ9ኛ ክፍል ካርዱን፣ መሸኛውንና ጉርድ ፎቶግራፍ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ መሸኛውን የሚጽፈው ሠራተኛ በክረምት ስለማይገኝ በዚህ ሳምንት ይሂዱ።